መቀበል እንደ መስጠት ይከብዳልን?

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ የመስጠት ግልባጭ ነው፤ ስለ መቀበል ነው።

እኛ የሰንበት ት/ቤት ልጆች ከሕፃናት ክፍል ጀምረን የተማርነው መስጠትን ነው። ሙዳየ ምጽዋቱ እስኪደርሰን ድረስ ሳንቲማችንን በጡጫችን አሙቀን መጠበቅን፣ ለበዓለ ንግሥ ጧፍና ዕጣን ማስገባትን፣ ለነዳያን እንጀራ ስናቀርብ ዝቅ ብለን ማቅረብን ተምረናል። ቅዱስ ጳውሎስም የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሲሰናበት ያስታወሳቸው የጌታ ቃል ሰጪውን ከተቀባዩ ይልቅ ብፁዕ የሚያደርግ ነው። ይሁን እንጂ የሚሰጥ እንዲኖር የሚቀበል መኖሩ ግድ ነው። ታዲያ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሰው ማን አስተማረን? ይህን የምንጠይቀው ለክርክር ያህል አይደለም፤ በመካከላችን የደረሰ ነገር አስገድዶን ነው። ነገሩ የሚመለከታቸው ሁለቱ ወገኖቻችን ይህን ጽሑፍ አስቀድመው አንብበው፣ ስማቸው እንዳይጠራ ብቻ ለምነው ፈቅደውልናል።

የመዝሙር ክፍል ወንድማችን የታመመው በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። በመጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ፊቱ ያብጥ ነበር። እኛም በሞኝነት «ተመቸህ፣ ወፈርህ» እያልን ቀለድንበት። ቀጥሎ ቆሞ ማስቀደስ አቃተው፤ ከቅዳሴው መካከል ወጥቶ ከዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ሲመረመር ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራቸውን ሊያቆሙ ጥቂት እንደ ቀራቸው ተነገረው። ከዚያ በኋላ ሕይወቱ ከእጥበት መሣሪያው ጋር ታሰረ። ሐኪሞች የሚመክሩት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱም ቀን አራት ሰዓት ያህል መታጠብን ነው። እርሱ ግን በገንዘብ ምክንያት ሁለት ቀን ብቻ ይታጠብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ፋንታ ውኃ መጠጣቱን ይቀንሳል። በሐምሌ ዝናብ ውስጥ በጥም የሚሠቃይ ሰው ያየነው ያን ጊዜ ነው።

ሐኪሞቹ ሌላ መንገድ እንዳለ ነገሩት፤ ይኸውም የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው። በአገራችን ይህ ሕክምና በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች ይሄድ ነበር፤ አቅም የሌለው ቤቱ ተኝቶ ይጠብቅ ነበር። ሲጀመርም ኩላሊት ሰጪዎቹ በሕይወት ያሉ የቤተሰብ አባላት ነበሩ። ለዚህ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ኩላሊት እንደ በግ ገበያ እንዳይወጣ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ሁለተኛው፣ የሥጋ ዘመድ አካል የተሻለ የመስማማት ዕድል ስላለው ነው። ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ሁለት ልጆች በሕዋሳቸው ምልክት ፈጽመው የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው፤ በግማሽ የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት ሁለት፤ ጨርሶ ያለመመሳሰል ዕድላቸውም ከአራት አንድ ነው።

እናቱ «የኔን ውሰዱ» ብለው ቀድመው ቀረቡ፤ ግፊት ስላለባቸው አልተፈቀደላቸውም። ታላቅ ወንድሙ ስኳር ተገኘበት። የሃያ ሁለት ዓመቷ ታናሽ እኅቱ ተመረመረች፤ ፈጽማ ተስማማች። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። እርሱ ግን «አልቀበልም» አለ። ሁለት ወር ሙሉ አልቀበልም አለ።

እኛ የተዘጋጀነው ሌላ ነገር ለመናገር ነበር። እኅቲቱ ብታመነታ ስለ መስጠት ምን ብለን እንደምናጽናናት ተመካክረን ነበር። የሚቀበለው ሰው እንቢ ይላል ብለን ግን ጨርሶ አላሰብንም።

በኋላ ስለ ንቅለ ተከላ ታሪክ ስናነብ፣ ይህ እንቢታ ከሕክምናው ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን ተረዳን። የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ፣ በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 14 ቀን 1947 ዓ.ም. ነው። በሽተኛው ሪቻርድ ሄሪክ፣ ሰጪው መንትያ ወንድሙ ሮናልድ ነበር። ዕድሜያቸው 23 ነው፤ የእኛ ዕድሜ ማለት ነው። በእርግጥ ከአንድ ፅንስ የተከፈሉ መንትዮች መሆናቸውን ለማረጋገጥ ከአንዱ ቆዳ ተቆርጦ በሌላው ላይ ተለጠፈ። የጣት አሻራቸውን ለመመርመርም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰዱ፤ ወሬውም ከዚያ ሾልኮ ጋዜጠኞች ጆሮ ገባ። የንቅለ ተከላው መሪ ዶክተር ጆሴፍ መሪ ከሕክምናው ይልቅ ያስጨነቃቸው የኅሊና ጥያቄ ነበር። አንድም ሕመም የሌለበትን ሰው፣ ለራሱ ጤና ምንም ለማይጠቅመው ነገር፣ በቢላዋ መክፈት ይገባልን? ሐኪም እንዳይጎዳ ምሎ የለምን? ስለዚህ የልዩ ልዩ ሃይማኖት አባቶችንና የሕግ ሰዎችን አማከሩ። ይህ ሁሉ ተመክሮ ካለቀ በኋላ፣ በቀዶ ጥገናው ዋዜማ ሌሊት ሪቻርድ ከአልጋው ላይ ሆኖ ለወንድሙ በቁራጭ ወረቀት መልእክት ላከ። ከዚህ ውጣና ወደ ቤትህ ሂድ የሚል ነበር። ሮናልድም እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም ብሎ መለሰለት።

ከዚህ ታሪክ ሁሉ በላይ የምናስበው ያችን ቁራጭ ወረቀት ነው። ሪቻርድ ሞት አፋፍ ላይ ነበር። ሕይወቱን የሚያተርፈው ሰው በአንድ ጣራ ሥር ተኝቷል። ታዲያ ለምን ሂድልኝ አለው?

ወንድማችንን ጠየቅነው። ሦስት ነገር መለሰልን። በመጀመሪያ «ገና አላገባችም፣ አልወለደችም። ነገ አንድ ነገር ቢደርስባት ለእማዬ ምን እላታለሁ?» አለ። ይህስ በዕውቀት የሚመለስ ነው። ሰው በአንድ ጤናማ ኩላሊት መኖር ይችላል፤ የቀረው ኩላሊት ሥራውን ከፍ አድርጎ ከሄደው ድርሻ የተወሰነውን ይሸፍናል። ኩላሊት የሰጠች ሴት መውለድም ትችላለች፤ ነገር ግን በእርግዝናዋ ጊዜ የደም ግፊት የመነሣቱ ዕድል ከፍ ስለሚል ክትትል ያሻታል። በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ከተመዘገበው እንደሚታየው ከ10,000 ሰጪዎች በቀዶ ጥገናው ሳቢያ የሞቱት ወደ ሦስት ይጠጋሉ፤ በቅርብ ዓመታትም ቍጥሩ ከዚያ ቀንሷል። ይህን ሁሉ ስናስረዳው ወንድማችን በጸጥታ ሰማንና «ከሦስቱ አንዷ እርሷ ብትሆንስ?» አለን። ለዚህ መልስ አልነበረንም። ዛሬም የለንም።

ሁለተኛው መልሱ «ቢበላሽስ?» የሚል ነበር። ከሕያው ሰው የተሰጠ ኩላሊት በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል ይባላል፤ ነገር ግን አማካይ ማለት በወር ውስጥም የሚጠፋ አለ ማለት ነው። «የእኅቴን ኩላሊት ተቀብዬ፣ በውስጤ ገድዬው፣ እርሷ ደጃፍ ላይ ስቆም ይታያችኋል?» አለ።

ሦስተኛውን በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «ከዚያ በኋላ እኅቴ አትሆንም፤ ባለውለታዬ ትሆናለች።»

ይህ ሦስተኛው ቃል ብዙ ቀን አነጋገረን። በባህላችን ውለታ ቀላል ነገር አይደለም። ውለታ የበላ ሰው ቀና ብሎ አይናገርም፤ ባለውለታው ሲቆጣው አንገቱን ይደፋል፤ ልጁን ዳርልኝ ቢባል ይድራል። ውለታው የአንድ ቀን ብድር ወይም የአንድ በሬ ዋጋ ከሆነ ይመለሳል። ኩላሊት ግን በምን ይመለሳል? በማይመለስ ውለታ ውስጥ መኖር ባርነት አይደለምን? ከእኛ መካከል ጥቂቶቹ «ይህ የትዕቢት ንግግር ነው» አሉ። ሌሎቻችን ደግሞ «ትዕቢት አይደለም፣ እኅቱን እኅት አድርጎ ማቆየት ነው የፈለገው» አልን። እውነቱን ለመናገር ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነው። አንድ ሰው ለወንድሙ ሲል እንቢ ይበል ወይም ለራሱ ክብር ሲል፣ ከንፈሩ የሚያወጣው ቃል አንድ ነው።

በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ በጸሎተ ሐሙስ የሚፈጸመውን ሕጽበተ እግር አነሣበት። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ጴጥሮስ እንቢ ማለቱን፣ ካልታጠበ ግን ከጌታ ጋር ዕድል ፈንታ እንደማይኖረው መነገሩን አስታወሰው። «አንተም እንደ ጴጥሮስ ነህ፤ እጥበቱን ተቀበል» አለው። እኛም ጥሩ የተናገረ መስሎን ራሳችንን ነቀነቅን። ወንድማችን ግን «ጌታ የያዘው ውኃና ማበሻ ጨርቅ ነው፤ እግር ያጠበ ሰው ምን ይጎድልበታል? እኅቴ እኮ የምትሰጠኝ ከሥጋዋ ቆርጣ ነው» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ጥግ ተቀምጠው የሚሰሙ መምህራችን ብቻ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ማግስቱ ዓርብ ነበር» አሉት።

ወንድማችን በዚያ ቀን ምንም አልመለሰም። እኛ ግን እስከ ዛሬ ስናስበው፣ ሕጽበተ እግር በየዓመቱ ስንፈጽም ዓይናችን የሚያየው የሚያጥቡትን አባት ትሕትና ብቻ መሆኑ ያስገርመናል። ከጎናችን ያለው ልጅ የተቀደደ ካልሲውን እየደበቀ፣ የጫማውን ሽታ እየፈራ፣ እግሩን ወደ ኋላ እየሳበ በኀፍረት የሚዘረጋውን እግር ግን ልብ አንለውም። ያ እግሩን መዘርጋቱም ትሕትና ነው።

እስከዚህ ድረስ የጻፍነውን ያነበበ ሰው ጥፋቱ ሁሉ የተቀባዩ ነው፣ ቢቀበል ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር ሊል ይችላል። እኛም እንዲያ ብለን ነበር። ስለዚህ አሁን የራሳችንን ጥፋት መናገር ይገባናል።

ምርመራው ተስማማ በተባለ በሳምንቱ እኅቲቱን በጉባኤ ፊት አቁመን ዘመርንላት። አንዱ ተነሥቶ ሰማዕት አላት። ሌላው ገላትያ ሰዎች ቢቻላቸው ዓይናቸውን አውጥተው ለጳውሎስ ይሰጡት እንደ ነበር ጠቅሶ፣ እርሷ ከእነርሱ እንደ በለጠች ተናገረ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እርሷ መሬት መሬት ታይ ነበር፤ እኛ ግን ትሕትና መሰለን። ከጥቂት ቀን በኋላ ከእኅቶቻችን ለአንዷ «እሺ ማለቴን ሁሉም ሰው ነገረኝ፤ እሺ ትያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም» አለቻት።

ይህ ቃል አስደነገጠን። ለካ ያቆምናት ጉባኤ ፊት አልነበረም፤ ግድግዳ ጋር ነበር። በእኛ አገር ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ሁሉም ያውቀዋል። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ያልራበው ይበላል፣ የሌለው ይሰጣል፣ ያልወደደው ያገባል። ለበግ ሽያጭ ሦስት ሽማግሌ የምንጠራ ሰዎች፣ ለኩላሊት ጊዜ አንዲት ልጅ ለብቻዋ እንድታስብ አንድ ቀን አልሰጠናትም። ቀድሞ የተመሰገነ ሰው እንዴት ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል? በቤተ ክርስቲያናችን አነጋገር እግዚአብሔር ልብ ያሰበውን ኩላሊት ያጤሰውን መርምሮ የሚያውቅ ነው ይባላል። ሐኪም የኩላሊቷን ደምና ሽንት መረመረ፤ ኩላሊቷ ያጤሰውን ግን ከእኛ የመረመረ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም። በዓለም ዙሪያ በሕይወት ሳሉ ኩላሊታቸውን ከሚሰጡት የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ ከሚቀበሉት የሚበዙት ደግሞ ወንዶች ናቸው። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን በየቤታችን ማን ቆሞ ማን ተቀምጦ እንደሚበላ ስናስብ፣ እንቢ ማለትን ያልተማረው ማን እንደ ሆነ ለመገመት አይከብደንም። የሴቶች ፍቅር ይበልጣል ብሎ ማሞገስ ብቻውን በቂ መልስ አይመስለንም።

ሐኪሞች ይህን ችግር ከእኛ አስቀድመው አውቀውታል። በብዙ አገሮች ሰጪውን ለብቻው፣ ቤተሰቡ በሌለበት ያነጋግሩታል። መስጠት እንደማይፈልግ ከገለጸ፣ ለቤተሰቡ የሚነገረው ለመስጠት ብቁ ሆኖ አልተገኘም የሚል ብቻ ነው። ምክንያቱ አይነገርም። በዚህ ነገር በጉባኤያችን ሁለት እሑድ ተከራክረናል። አንደኛው ወገን «ይህ በሽፋን የተነገረ ሐሰት ነው፤ ቤተሰቡ የሚረዳው ደሟ አልተስማማም ብሎ ነው፤ ሐኪሙም እንዲያ እንዲረዱ ብሎ ነው የተናገረው» አለ። ሌላው ወገን «ያልፈቀደ ሰው በእርግጥም ብቁ አይደለም፤ ለመስጠት ከሚያስፈልገው ሁሉ ቀዳሚው ፈቃድ ነውና፣ ሐኪሙ እውነቱን ነው የተናገረው» አለ። ብዙዎቻችን ወደ ሁለተኛው አደላን። ሆኖም አንዲት እኅታችን «ሐኪሙ በር ቢከፍትላት፣ ወጥታ የምትኖረው እኮ ከእነርሱው ጋር ነው፤ ዕድሜ ልኳን ያንን ምሥጢር ተሸክማ በወንድሟ ለቅሶ ላይ ልትቀመጥ ነው?» ስትል፣ በሩም ቢሆን ነፃ እንደማያወጣ ተረዳን። ክርክሩ አልተቋጨም።

በሌላ በኩል ደግሞ ሰጪ ሁሉ የተገፋ ነው ብሎ ማሰብ እንዲሁ ስሕተት ነው። በ1949 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት ዕድሜያቸው ለፈቃድ ያልደረሰ መንትዮች ጉዳይ ለፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ከመካከላቸው የ14 ዓመት ልጆች ነበሩ። ጤነኛው ልጅ ኩላሊቱን ቢሰጥ ለእርሱ ምን ይጠቅመዋል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ዳኛው ወንድሙ ቢሞትበት የሚደርስበት ኀዘን እጅግ ከባድ ጉዳት መሆኑን ተቀብለው ፈቀዱ። እንግዲህ የሚሰጠውም ሰው የሚያገኘው አለ፤ ወንድሙን ያገኛል። ተቀባዩ ራሱን እንደ ብቸኛ ተጠቃሚ መቍጠሩ፣ ሰጪውም የሚያጣው ወንድም እንዳለው መርሳት ነው።

ወንድማችንና እኅቱ ያለ እኛ የተነጋገሩት በዐቢይ ጾም አንድ ማታ ነው። የነገሩንን እንጽፋለን። እርሱ «ትሰጪኛለሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቃትም። «እንቢ ልትዪኝ ትችያለሽ ወይ? እንቢ ብትዪኝ ነገ ከነገ ወዲያ እንደ ወትሮው ቡና አፍልተሽ ትጠሪኛለሽ ወይ?» አላት። እርሷ አለቀሰች። ከምርመራው በኋላ እንደምትፈራ የነገረችው ያን ጊዜ ነው፤ የምትፈራው ኩላሊቷን ማጣት ሳይሆን ማደንዘዣው እንደ ሆነ፣ ተኝታ የማትነቃ እንደሚመስላት ነገረችው። አንድ ሳምንት ይቆይ ተባባሉ። ለእናታቸውም ሐኪሙ ቀጠሮ አስተላለፈ ብለው ነገሩ፤ ይህች እንኳ ሐሰት መሆኗን አንክድም።

በሳምንቱ እርሷ ራሷ መጣች። «ልጅ ሳለን ዳቦ ስንካፈል ትልቁን ቁራሽ የምትወስደው አንተ ነበርህ። አሁን በገዛ እጄ ትልቁን ላጉርስህ ስል ትግደረደራለህ?» አለችው።

ይህ የእርሷ ቃል ከብዙ ስብከት ይልቅ ገብቶናል። ጉርሻ ለሁላችን የታወቀ ነው። የሚጎርስ ሰው አፉን መክፈት አለበት፤ አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ለጊዜው መናገር አይችልም፣ መልኩም አያምርም። ጥቂት መግደርደር የወግ ነው፤ እስከ መጨረሻው አፍን መዝጋት ግን ያጎረሰውን እጅ አየር ላይ ማስቀረት ነው። አጉራሹም ቢሆን ሌላው አፉን ሳይከፍት ቢገፋበት ያንቀዋል። እኛ በጉባኤው ያደረግነው ይህንኑ ማነቅ ነበር፤ ያነቅነው ግን ተቀባዩን ብቻ አይደለም፣ ሰጪዋንም ጭምር ነው።

ቀዶ ጥገናው በ2015 ዓ.ም. ተደረገ። አዲሱ ኩላሊት የሚተከለው በቀድሞው ቦታ ሳይሆን በታችኛው ሆድ በአንድ ወገን ነው፤ የታመሙት አሮጌዎቹ ብዙውን ጊዜ ባሉበት ይተዋሉ። ስለዚህ ወንድማችን ዛሬ ሦስት ኩላሊት ይዞ ይሄዳል፤ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። ከእንቅልፉ ነቅቶ ሽንቱ መውረዱን ሲነግሩት አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን ፊቱ ጠርቶ፣ ቀልድ እየተናገረ ደረስንበት። እርሱን ከብበን ስንስቅ፣ በሌላው ክፍል የተኛችውን ጠያቂ አላሰብናትም። ለካ በዚህ ሕክምና በሽተኛ ሆኖ የገባው ድኖ ሲነሣ፣ ጤነኛ ሆና የገባችው ታማ ትተኛለች። እንደ እርሱ «እንዴት ቀለለህ!» የሚላት የለም። ሮናልድ ሄሪክም ገና ሲጠየቅ ሐኪሞቹን፣ ሆስፒታሉ ዕድሜ ልኬን ለጤናዬ ኃላፊ ይሆናልን ብሎ ጠይቋቸው ነበር። በሕግ አይሆንም ተብሎ፣ ነገር ግን ብትቸገር እዚህ ካለነው ማን ሊተውህ ይችላል የሚል መልስ ተሰጠው። ጥያቄው የስስት አልነበረም። ሰጪን ማን ይጠብቀዋል የሚል ተገቢ ጥያቄ ነበር።

ወንድማችን ከዚያ በኋላ ያደረገውን ስናይ፣ የመቀበል ሥራ ከቀዶ ጥገናው ቀጥሎ የሚጀምር መሆኑን አስተዋልን። ሰውነቱ የእኅቱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቈጥሮ እንዳይዋጋው የመከላከል ኃይሉን የሚያለዝብ መድኃኒት ይወስዳል። ጠዋትና ማታ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ኩላሊቱ እስከሚያገለግልበት ጊዜ ድረስ። ብዙ የተተከለ ኩላሊት የሚጠፋው መድኃኒት በመዘለሉ ነው። በጾም ቀን ጠዋት መድኃኒቱን ይውጥ ወይም አይውጥ ብሎ ተጨንቆ ሲጠይቅ የንስሐ አባቱ ተቈጥተውት «የተሰጠህን ጠብቅ» ብለውታል። በበዓላትም ቀን ሕዝብ ከሚጋፋበት አይገባም፤ ከቅጥሩ ውጭ አፉን ሸፍኖ ይቆማል። ይህን አይተን «ከዳነ በኋላ ቀዘቀዘ» ያልን ነበርን፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

ሪቻርድ ሄሪክ በወንድሙ ኩላሊት ስምንት ዓመት ኖረ። ሆስፒታል ያስታመመችውን ነርስ አግብቶ ልጆች ወልዶ፣ በ1955 ዓ.ም. በሽታው በተተከለው ኩላሊት ላይ ተመልሶበት ዐረፈ። ሮናልድ መምህርና ገበሬ ሆኖ እስከ 2003 ዓ.ም. ኖሮ በ79 ዓመቱ ዐረፈ። ስምንት ዓመት ጥቂት ነው፣ ኩላሊቱ ባከነ የሚል ካለ፣ የዚያን ቤት ልጆች ይቍጠር። ወንድማችን ሁለተኛውን ፍርሃቱን ያነሣው እንደ ሆነ ይህን እንነግረዋለን። እርሱም ይሰማናል፤ መፍራቱን ግን አልተወም።

ሦስተኛው ፍርሃቱስ ምን ሆነ? እኅቱ በየዓመቱ ግፊቷንና ደሟን እንድትመረመር ቀጠሮዋን የሚያስታውስ፣ አብሯትም ሄዶ ወረፋ የሚይዝ እርሱ ነው። ውለታ መመለሱ ነው ወይ ብለን ብንጠይቀው «ውለታማ አይመለስም፤ ትቼዋለሁ። እንዲሁ አብሬያት እሄዳለሁ» አለን። ባለፈው ጥቅምት ደግሞ በቤታቸው ሳለን፣ የአባታቸውን ትርፍ ክፍል ለማን እናከራይ በሚል ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ደረስን። እርሱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እናታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው «አንተ! ኩላሊቷን ሰጥታህ እንዲህ ትናገራታለህ?» አሉት። ልጅቷ ከእርሱ ይልቅ በእናቷ ላይ ተቈጣች። «እማዬ፣ ይህን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ። ደግሞ ስለ ክፍሉ ተሳስቷል» አለች። ከዚያም ወደ እርሱ ዘወር ብላ ክርክሯን ቀጠለች፤ እርሱም መለሰላት፤ እኛ ቡናውን ጠጥተን ስንወጣ ገና አልተስማሙም ነበር።